እንባዬን ለፈረሴ የሰጠሁ ዕለት

ያን ዕለት ጠዋት ሐኪም ያዘዘልኝን የዓይን ጠብታ ለፈረሴ አደረግሁለት። ቀልድ አይደለም። የቦራን ራስ በብብቴ ሥር ያዝ አድርጌ፣ የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቴ ገለጥ አድርጌ፣ ጠብ፣ ጠብ። እሱም እንደ ጨዋ ቆሞ ተቀበለኝ። ከእኔ የተሻለ ታካሚ እንደሆነ ያኔውኑ ታዝቤያለሁ።

እንዲህ ያለ ቂልነት ዝም ብሎ አይሠራም፤ ትምህርት ይጠይቃል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዳንግላ እስከ ግምጃ ቤት ከተማ በእንስሳት ጤና ረዳትነት የዞርኩ ሰው ነኝ። የስንቱን በሬና በቅሎ ዓይን ገልጬ አይቻለሁ። ስለዚህ ስለ ዓይን የሚመክረኝ ሰው ሲመጣ አንገቴን ደፍቼ አዳምጥና፣ ቤቴ ስገባ የራሴን አደርጋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ግላኮማ የሚሉት በሽታ ግራ ዓይኔን የወሰደው ሳላውቅ ነው። አያምም፣ አያሳክክም፤ እንደ ድንበር ገፊ ጎረቤት ከዳር ከዳር እየቆረሰ ይገባና መሀል ሲደርስ ነው የምትነቁት። የወሰደውን ደግሞ ሽማግሌ ቢላክበትም አይመልስም። ቀኙን ለዓመታት ግፊት በሚቀንስ ጠብታ ስጠብቀው ኖሬ፣ በላዩ ሞራ መጣበት። ባሕር ዳር ያሉ ሐኪሞች ሁለቱንም ባንድ ቀን እንሥራው አሉኝ። ሞራውን አውጥተው ሌንስ ይተኩበታል፤ በዚያው ደግሞ የዓይኑ ፈሳሽ መጠኑን ጠብቆ የሚወጣበት ጠባብ ቦይ ከላይኛው ቆብ ሥር ይከፍቱለታል። «ቦይ ከሆነማ እኔም ድንች ማሳዬ ላይ ስቀድ ነው የኖርኩት» አልኳቸው። አልሳቁም። የዓይን ሐኪም አይስቅም፤ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ይሆናል።

ተሠራሁ፤ አየሁም። ፋሻው ሲፈታ ባለቤቴን የሺን ትኩር ብዬ አየኋትና «አንቺ፣ ይህን ሁሉ ሽበት ከማን ተበደርሽ?» አልኳት። ያን ሰሞን ሙሉ አላናገረችኝም።

ደስታዬ ግን እያደር አሸዋ ገባበት። አሸዋ የምለው እንዲያው ለምሳሌ አይደለም። ዓይኔ ውስጥ አንድ ሰው አሸዋ የበተነበት ይመስል ነበር። ጠዋት ጠዋት ቆቡ ይጣበቃል፣ ረፋዱ ላይ ይለበልበኛል፣ ነፋስ ሲነካው ደግሞ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ለቅሶ ቤት ስሄድ ከሟቹ ቤተሰብ አብልጬ የማለቅስ እኔ ሆንኩ። አንዴማ ሟቹን በስም እንኳ ሳላውቀው፣ አልቃሿ ሴት እኔን አይታ ግጥሟን ከፍ አደረገች።

ሐኪሞቹ ሲሸኙኝ ሁለት ዓይነት ጠብታ ሰጥተውኛል። አንደኛው መድኃኒት ነው፤ እሱን ሰዓቱን ሳላዛንፍ አደርጋለሁ። ሁለተኛውን ሰው ሠራሽ እንባ ይሉታል፤ የዓይን ማለስለሻ ነው። እኔም አሰብኩ። ዓይኔ ራሱ እንደ ምንጭ እያፈለቀ፣ ሌላ እንባ ከፋርማሲ የምጨምርለት ለምንድን ነው? ጎርፍ ላይ ውሃ የሚያጠጣ ገበሬ አይቼ አላውቅም። ቦራ ደግሞ በበጋው አቧራና በዝንቡ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔ የተረፈኝን እሱ አጥቷል፤ ፍርዱን እናንተው ስጡ።

እንግዲህ ያን ዕለት ፈረሴን ካከምኩ በኋላ ጫንኩት። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ኮርቻ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ሐኪሞቹ እንዳልጋልብ ያገዱኝ ጊዜ አልፏል። ሐሳቤ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤቴ ተነሥቼ እንጅባራ መግባትና ለጡረተኛ ጓደኞቼ መታየት ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ከፈረስ ወረደ ማለት ከሰው ተራ ወጣ ማለት ነው፤ እኔን ደግሞ ወርዷል ብለው አውርተውብኛል።

የሺ መነጽሬን ይዛ ከኋላዬ መጣች። ሐኪሞቹ የሰጡኝ ጥቁር መነጽር ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ነፋስ ነው። ይህን አድርግ።»

«ጥቁር መነጽር አድርጌ ፈረስ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ዓይን ያለው ሽማግሌ ይልሃላ!»

እምቢ አልኩ። የሺ ስትናደድ አማርኛዋን ትተውና ወደ አውንጊ ትገባለች። ያን ዕለት ያለችኝን አልተረጉምላችሁም። ችግሬ አውንጊ አፌን የፈታሁበት መሆኑ ነው፤ አንዷ ቃል አላመለጠችኝም።

መንገዱ ሜዳ ሲሆንልኝ ቦራን በተረከዜ ነካ አደረግሁት። እሱም ይህን ሲጠብቅ ኖሯል መሰል፣ ተፈተለከ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታው የጎረምሳነቴ ዘመን የተመለሰ መሰለኝና «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ዓይኔ ይነዳል፤ ይንደድ አልኩ። ብዙም ሳይርቅ ዲከረንስ ከሚሉት የከሰል ዛፍ ጫካ ዳር ሰዎች ከሰል ያከስላሉ። እርሻው ሁሉ ዲከረንስ ከተተከለበት ወዲህ በበጋ ከሰል የማይጨስበት መንደር የለንም። ጢሱ መንገዱ ላይ ተኝቷል። እኔም በግልቢያዬ መሀል ለመሀል ገባሁበት።

ስወጣ መንገዱ የለም።

ዛፉ፣ አጥሩ፣ የቦራ ጆሮ ሳይቀር፣ ሁሉም በወተት እንደ ተነከረ ጨርቅ ሆነ። እጄን ሰድጄ ዓይኔን አሸሁት። እንዳያሹ ብለው አስምለውኝ ነበር። አሸሁትና ቆቡ ሥር ስለት የገባ ይመስል ጮህኩ። ልጓሙን ሳብኩ፤ ቦራ ቆመ። ግራው ዓይኔ ድሮ ጨልሟል፤ ቀኙ ነጭ ሆኗል። በጨለማና በነጭ መሀል ፈረስ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው ፍርሃት፣ ሁለት ላለው አይገባውም። መለዋወጫ የለውማ። እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን ሁሉ አልነግራችሁም። የሺን ስለ ሽበቷ ያልኳትን አሰብኩ። የመጨረሻ ያየሁት ፊቷ የተቆጣው ፊቷ ሆኖ ሊቀር ነው አልኩ። ቀልድ ፈለግሁ፤ ከእኔ ጋር ስንት ዓመት የኖረው ቀልድ ጥሎኝ ሄዷል።

ያኔ ከፈረሱ አፍንጫ ሥር አንድ የሴት ድምፅ መጣ።

«ኧረ አያ! ፈረስዎ ነጠላዬን እያኘከው ነው፤ ያዙት እንጂ!»

«ይቅርታ፤ አላየሁትም።»

«እኔንስ?»

«አንቺንም አላየሁሽ።»

«ግድ የለም» አለች። «እኔም ፈረስ መሆኑን ያወቅሁት በጠረኑ ነው።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ በዕድሜ እኩያዬ ብትሆን ነው። ቤቷ አዘና ነው። ያን ሰሞን ለዓይኗ ሕክምና እንዲቀርባት ብላ ዘንገና ዳር ከተዳረች ልጇ ዘንድ ከርማለች። ልጅቱ አራስ ናትና የሚሸኛት ሰው ስላልነበረ፣ በትሯን ይዛ በለመደችው መንገድ ብቻዋን እንጅባራ ዓይን ክፍል ትሄዳለች። ሁለት ዓይኗ ላይ ሞራ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ያው ድንበር ገፊው ጎረቤት፣ ግላኮማው። ሁለቱንም ባንድ ላይ ባሕር ዳር ትሠሪ ብለዋታል። ፈርታ ስታመነታ ቆይታ፣ ያን ዕለት ቁርጧን ልትነግራቸው ነው።

«እና እርስዎ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ብዋሽ ምን ነበረበት? ግን ፍርሃት አፍ አያስይዝም። «አንቺ ልትሠሪ የምትሄጂውን ነው የተሠራሁት» አልኳት። «ይኸው ጠፋብኝ።»

በትሯ መሬት ስትነካ ሰማሁ።

«እንግዲህ መልሴን መንገድ ላይ አገኘሁ» አለች።

የእኔ ዓይን ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የእሷን ግን አሁን እኔ በአፌ እያጠፋሁት ነው። ልመልሰው ፈለግሁ፤ በምን አፌ ልመልሰው? እኔ ራሴ አላይም።

«ለማንኛውም ሐኪም ይይዎት» አለችና ልጓሙን ያዘች። «ልምራዎት።»

«ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዘው ገደል አልተባለም?»

«ገደሉ በስተግራ ነው፤ ከታች ሐይቁ አለ። ሲነፍስ ይቀዘቅዘኛል። እኔ ጥላና ብርሃን እለያለሁ፤ አንተ ደግሞ ከላይ ሆነህ ምንም አትለይም። ስለዚህ ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

በዚያች ንግግር መሀል አንቱታው እንደ ቀረ ልብ ብላችኋል። እኔም ልብ ብያለሁ።

ቀስ እያልን ሄድን። ቦራ እኔ ስመራው የማያሳየኝን ትሕትና አሳያት። እሷም በየመሀሉ «አሁንስ?» ትለኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ ቆይቼ ስገልጠው ለአፍታ ጥርት ይላል፤ ዛፍ አያለሁ፣ የነጠላዋን ጥለት አያለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ወተቱ ይመለሳል። ይህንኑ ነገርኳት።

ቆም አለች። «ስትጨፍንና ስትገልጥ ይጠራል?»

«ለአፍታ።»

«የእኔ እንደዚያ አያደርግም። ሞራ ብትጨፍነው ብትገልጠው ሞራ ነው። ያንተ ሌላ ነገር ነው፣ አያ።»

ይህን ያለችው ከጥላና ከብርሃን በቀር ምንም የማታይ ሴት ናት። እኔ፣ የስንቱን በሬ ዓይን የገለጥኩት፣ አላሰብኩትም። ቢሆንም ተስፋ ለማድረግ ፈራሁ።

እንጅባራ ስንደርስ ቦራን ከሆስፒታሉ አጥር አሰርነው። ዓይን ክፍል ውስጥ ያለችው ሲስተር ልጅ እግር ናት። የተሠራ ዓይን ቀልቶ፣ እያመመና እይታው ጠፍቶ ከመጣ ተራ እንደማይጠብቅ ነግራን ወዲያው አስገባችኝ። ማንጠግቦሽም ተከትላኝ ገባች። «እህታቸው ነዎት?» ብትላት፣ «መሪው ነኝ» አለቻት።

ሲስተር አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ብርሃን አበራችብኝ። በቢጫ ቀለም የተነከረች ቀጭን ወረቀት የዓይኔን ሥር አስነካች። ከዚያ ሰማያዊ መብራት አብርታ ረጅም ጊዜ አየች። ግፊቱን ለካች። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከኋላዬ የማንጠግቦሽም ትንፋሽ አይሰማም።

«አባባ» አለች በመጨረሻ፣ «ሌንሱ ቦታው ላይ ነው። ቦዩ ይሠራል። ግፊትዎ በጣም ጥሩ ነው። ቁስል የለም፣ መግል የለም።»

«ታዲያ ማነው ያጠፋው?»

«አልጠፋም። ውስጡ ደህና ነው፤ የተጎዳው ላዩ ነው። የዓይንዎ ላይኛው ገጽ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቢጫው ቀለም ነጠብጣብ ሆኖ ያዘበት።»

«ደርቆ?» ሳቅሁ። «የኔ እመቤት፣ ይህ ዓይን ስንት ለቅሶ ቤት ያስተናገደ መሰለሽ! ቀኑን ሙሉ ይፈሳል እኮ።»

«ሥራዎ ምን ነበር?»

ነገርኳት።

«እንግዲያ ልጠይቅዎ። ተቅማጥ የያዘው ጥጃ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያፈስስ የለ? በምን ይሞታል?»

ስንቱን ጥጃ ስኳርና ጨው በጥብጬ አጠጥቻለሁ! ስንቱን ገበሬ «ውሃ እያፈሰሰ ውሃ ትሰጠዋለህ?» ሲለኝ እንደ ጅል አይቼዋለሁ!

«በድርቀት» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የሚፈሰው እንባዎም እንደዚያው ነው። ዓይኑ ሲቃጠል ደንግጦ የሚያፈሰው ውሃ ነው፤ ዓይን ላይ ተኝቶ የሚያለሰልሰው እንባ ሌላ ነው፤ እሱ አንሶዎታል። ለዓመታት ያደረጉት የግፊት ጠብታ ላዩን አድክሞታል። ቀዶ ጥገናው ደግሞ ቀጫጭን የስሜት ጅማቶቹን ይነካል። ቦዩ ያለበትም ትንሽ ጉብ ይላል፤ ግድግዳ ሲመርጉ ጉብታ ካለ ጭቃው እኩል አይዳረስም አይደል? ቆብዎ እንባውን ሲቀባም እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው ማለስለሻውን የሰጡዎት። ያደርጉታል?»

«ማን፣ እኔ?»

«ሌላ ማን አለ?»

«ቦራ ነው የሚያደርገው።»

«ቦራ ማነው? ልጅዎ?»

«ፈረሴ ነው።»

ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠች። ከኋላዬ እንደ ሣል ያለ ነገር ተሰማ፤ ሣል ግን አልነበረም። ማንጠግቦሽ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ትስቃለች። ሳቋ አላቆም ብሏት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ያንኑ ቦራ ያኘከውን ጫፍ።

«ከፈረሱ ወደ እርስዎ የተመለሰ አለ?» አለች ሲስተር፣ አሁን ፊቷ ጠንክሮ።

«የለም። እንዲህ ያለ ጅል አይደለሁም።»

«እንዴት ያለ እንደሆኑ ገና አልጨረስንም» አለችኝ። ብልቃጡን ከኪሴ አስወጥታ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ከአዲስ ብልቃጥ አንድ ጠብታ አደረገችልኝና፣ «ጨፍነው ቆዩ፤ እንዳያሹ» አለች።

ጨፍኜ ቆየሁ። እሳቱ ቀስ በቀስ በረደ። ስገልጥ በመጀመሪያ ያየሁት የማንጠግቦሽን ፊት ነው። እስካሁን ድምፅና የነጠላ ጥለት ብቻ ነበረች። ጉንጯ ላይ የድሮ ንቅሳት አላት፤ ከሳቁ የተነሣ እንባዋ ወርዷል፤ ሁለቱ ዓይኖቿ መሀላቸው ነጭ ሆኖ ድምፄ ወደ ነበረበት ይመለከታሉ። እኔ አያታለሁ፤ እሷ አታየኝም።

«አየህ?» አለችኝ።

«አየሁሽ» አልኳት።

እሷ ወደ ሲስተር ዞረች። «አሁን እውነቱን ንገሪኝ። እኔም ብሠራ እንዲህ ይለበልበኛል?»

ልጅቷ አልሸነገለቻትም። «ሊለበልብዎ ይችላል። ብዙ ሰው ለጊዜው ይቆረቁረዋል፤ ለአንዳንዱ ይቆያል። ከነፋስና ከጢስ መራቅ፣ ማለስለሻውን ማድረግ፣ እየመጡ መታየት ነው። ካልተሠሩ ግን ግላኮማው የሚወስደውን ማንም አይመልስልዎትም።»

ማንጠግቦሽ በትሯን በሁለት እጇ ይዛ አሰበች። የራሴን ውጤት ስጠብቅ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም።

«ይሁን» አለች። «ወደ ባሕር ዳር ጻፊልኝ። እኔ ፈረስ የለኝም፤ እድናለሁ።»

ጓደኞቼ ዘንድ ሳልደርስ ቀረሁ። ማንጠግቦሽን ቦራ ላይ አስቀምጬ፣ እኔ በእግሬ ልጓሙን ይዤ፣ ወደ ዘንገና ተመለስን። ሲስተር ዓይኔን ከነፋሱ በጥቁር መነጽር ሸፍናልኝ ነበር፤ ሲያዩኝ ያፈርኩበት ሰው ካለ እኔ አላየሁትም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ የዓይን ሐኪም ሆኜ አይደለም፤ የፈረስ ዓይን ሐኪምነቴንም ትቻለሁ። እኔ ዓይን ማለት ውስጡ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ግፊቱ፣ ሌንሱ፣ ቦዩ። ላዩን ንቄው ነበር። ነፋስ ያነሣው ሐይቅ ዳር ቁሙና ውስጡን ለማየት ሞክሩ፤ ሐይቁ ምንም አልሆነም፣ ግን ላዩ ካልረጋ አያሳያችሁም። አሁን ጠዋት ጠዋት የሺ ለብ ያለ ጨርቅ ከተዘጋው ቆቤ ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ ያለ ጫና፣ ዝም ብላ። ከዚያ ጠብታዬን አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ ጨፍኖ ስለሚቆይ የፈለገችውን ትነግረኛለች፤ እኔም ማምለጫ ስለሌለኝ አዳምጣለሁ። በትዳራችን እንዲህ ተነጋግረን አናውቅም። ዓይኔ ዛሬም አንዳንድ ረፋድ ይቆረቁረኛል። ይቆርቁረኝ። የሚቆረቁር ዓይን የሚያይ ዓይን ነው። እናንተም ከተሠራችሁ በኋላ ቢለበልባችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን ዝምም አትበሉ፤ ሄዳችሁ አሳዩ። በእኔ ላይ የደረሰው ቀላሉ ነው፤ ከባዱ መሆን አለመሆኑን ግን የሚለየው መብራቱ ያለው ሰው ነው።

ወደዚያ ዕለት ልመለስና፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ የልጇ ደጃፍ ስንደርስ ማንጠግቦሽን አወረድኳት። «ለመራሽኝ ምን ልክፈልሽ?» አልኳት።

«ፊትህን» አለችኝ።

«ምን?»

«ቀኑን ሙሉ ድምፅህን ስሰማ ዋልኩ። አንተ ፊቴን አይተሃል፤ እኔ ያንተን አላየሁም። ዓይኔ ሲገለጥ መጥተህ ታሳየኛለህ።»

እሺ አልኩ። እሷም ባሕር ዳር ሄዳ ተሠራች። ዓይኗ እንደ ተገለጠላት፣ ጠብታውንም ለሌላ ፍጡር እንደማታካፍል፣ አዘና ገበያ የዋሉ ሰዎች ነገሩኝ። «ያ ፈረሰኛ ዕዳውን ይክፈለኝ» ብላ መልእክት ልካብኛለች።

እስካሁን አልሄድኩም። መጀመሪያ ጺሜ እስኪስተካከል አልኩ፤ ከዚያ ዝናቡ እስኪያባራ አልኩ። የሺ ነገሩ ገብቷት ትስቅብኛለች። «ሂድ እንጂ፤ ሴትዮዋ የምታየው ሁሉ ቆንጆ መስሏት ልትታለል ነው፤ ያንተን ፊት አሳይተህ ዓለምን ሚዛን ላይ አስቀምጥላት» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አንዲት ሴት ያን ሁሉ ፍርሃት አልፋ፣ ያን ሁሉ መቆርቆር ታግሣ፣ መጨረሻ ላይ የምታየው ይህን ከሆነ ብዬ መስታወት ፊት ቆሜ እጨነቃለሁ። መስታወቱ ደግሞ ከተሠራሁ ወዲህ ምንም አይደብቀኝም።

አንድ ፊት ዕዳ አለብኝ።